ፓርክ ሂል ደሴት ላይ ብራንች የት ይበላል?

በዚያ ጊዜ የምንኖረው አውሮራ ነበር። የምሠራው ደግሞ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ውስጥ፣ ጥቂት አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ የጡብ ቤት። ከውጭ ሲያዩት የማንም ቤተሰብ ቤት ይመስላል። ከውስጥ ግን በየመኝታ ቤቱ በር ላይ የነዋሪው ፎቶ ተለጥፏል፣ በመተላለፊያው ግድግዳም መደገፊያ ብረት ተዘርግቷል። አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ የደረሰኝ ማንም የማይፈልገው የቅዳሜና የእሁድ ሺፍት ነው። የመጀመሪያ ቀን የቤቱ ባለቤት እያዞረች ስለ እያንዳንዱ ነዋሪ ነገረችኝ። ይሄኛው ስኳር አለባቸው፣ ያኛዋ መነጽራቸውን ይደብቃሉ፣ እኚህ ሻወር አይወዱም። አንዲት ባልቴት በር ላይ ስንደርስ ግን፣ «እሳቸው ችግር የለባቸውም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ እዚህ አይኖሩም» አለችኝ።

ልጆቻቸው እየወሰዷቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሰው ሲቀንስ ሥራም ይቀንሳል።

ቅዳሜ ሥራ ስገባ ባልቴቷ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል። ውጭ የኅዳር ነፋስ ከዛፎቹ ላይ የቀረችውን ቅጠል እያራገፈ ነው። ሰላም አልኳቸው፣ በትሕትና መለሱልኝ። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ እያጣጠፍኩ ሳለ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና፣ ምስጢር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ነገ ብራንች የት ብንበላ ትመክሪያለሽ?» አሉኝ።

እዚሁ እንደሚበሉ፣ ኩሽና እንዳለን፣ እኔው ራሴ እንደምሠራ ነገርኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። አዲስ መሆኔ እንደሚያስታውቅ፣ ነገር ግን እንግዳ ምክር ሲጠይቅ የራስን ሆቴል ማሞገስ ደግ እንዳልሆነ፣ ደሴቱን ዞር ዞር ብዬ ማየት እንዳለብኝ መክረውኝ ሄዱ።

ምግብ የምታበስለው የሆሳዕና ልጅ ናት። ጴንጤ ስለሆነች እሁድ ቸርች ትሄዳለች፣ የእሁዱ ኩሽና ለእኔ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ አስረዳችኝ። ባልቴቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዴንቨር ናቸው፤ የአየሩን ሁኔታ ይከታተላሉ፣ ከንቲባውን ያማሉ፣ በረዶው ለምን እንዳልተጠረገ ይጠይቃሉ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ደሴት ላይ ናቸው። ልጅቷ ሃዋይ ይመስላታል፤ ብቻ ሞቃት ነው። እኔ ደግሞ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ መሆኔ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችዋም እንግዳ ተቀባይ ነበረች።

«ብራንች ግን በትክክል ምንድን ነው?» አልኳት። አሜሪካ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፣ ቃሉንም እሰማዋለሁ። በልቼ ግን አላውቅም። እሁድ ጠዋት ወይ ቅዳሴ ነኝ ወይ ሥራ።

«ተኝቶ ያረፈደ ሰው ቁርስ ነው» አለች። «አርፍዶ ስለበላ የምሳውንም ያስከፍሉታል።»

እኛ ከቅዳሴ ወጥተን እኩለ ቀን ላይ የምንበላውስ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳት።

«እሱ ረኃብ ነው» አለችኝ።

ማታ ለባለቤቴ ሳጫውተው በጣም ሳቀ። እሱ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤርፖርት ይሰለፋል። ሳቁን ሲጨርስ ትንሽ አሰበና፣ ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው አለኝ። በብርዱ ወራት ከሞቃት አገር የሚመለሰው ሰው ብዛት! ከሩቁ ይለያል፤ አፍንጫው ተልጧል፣ በረዶ ላይ በነጠላ ጫማ ቆሟል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን መጠየቅ ነው።

ጠየቀም። ታክሲ ነጂ ሁሉ ተሳፋሪውን ስለ አየሩ ይጠይቃል፤ ብራንች የት በላችሁ ብሎ የጠየቃቸው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ማውራት አያቆሙም። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሴንቴኒያል ከሚሄዱ ባልና ሚስት አንድ ምግብ ቤት ይዞ መጣ፤ ባሕሩ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጠረጴዛው ሣር ላይ የሚዘረጋበት፣ ባለቤት የሌላቸው ዶሮዎች በሰው እግር መሐል የሚንሸራሸሩበት። እኔም ቅዳሜ ፎጣዬን እያጣጠፍኩ፣ ይህንኑ በቃሌ ለባልቴቷ ተረክኩላቸው።

በጥሞና ሰሙኝና፣ «ዶሮዋ ፊቴ ቆማ እያየችኝ እንቁላል ልዘዝ?» አሉ።

አልወደዱትም። ለባለቤቴ ስነግረው ከፋው። ዶሮዎቹ ለማዳ መሆናቸውን ነግሬያቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነገርኳቸውም ነበር። ታዲያ እንዴት ሊወዱት ይችላሉ ብሎ ጥፋቱን በእኔ አደረገው።

በሁለተኛው ሳምንት ትልቅ ሆቴል አመጣ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሃያ ዓይነት ምግብ ተደርድሮ እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን ራሱ ያነሣል። ባልቴቷ ይህንንም ጣሉት። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በገንዘባቸው፣ ሳህን ይዘው ሊሰለፉ ነው? ባለቤቴ በዚህ እንኳ ከእሳቸው ጋር ተስማማ። እሱም ሠርግ ላይ ቡፌ አይወድም።

ሦስተኛው ቀናን። አንድ ብቻውን የሚጓዝ ሰው የነገረው ነው። ከወደቡ የሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን የሚያበስሉበት ጠባብ ቤት አለ። ጠረጴዛው አራት ብቻ ነው፣ ፓንኬኩ ላይ የኮኮናት ሽሮፕ ይፈስበታል፣ ያረፈደ ሰው አያገኝም። ይህን ስነግራቸው ባልቴቷ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ለሁለት ሰው ያዢልን» አሉኝ።

የኮኮናት ሽሮፕ ምን እንደሆነ ባላውቅም ከሥራ ስወጣ ሃቫና ጎዳና ላይ ያለ የእስያዎች ሱቅ ገብቼ የኮኮናት ወተት ገዛሁ። ማለዳ ከስኳር ጋር አፍልቼ አወፈርኩት። መስኮቱ አጠገብ ላለችው ጠረጴዛ ሁለት ሳህን አቀረብኩ። የሁለተኛው ሳህን ባለቤት አልመጣም፤ ባልቴቷም ለምን እንዳልመጣ አልጠየቁም። የራሳቸውን ቀስ ብለው፣ አንድም ሳያስቀሩ በሉ። ሳህኑን ላነሣ ስጠጋ ምግቡ ግሩም እንደነበር ነገሩኝ። ብቻ አስተናጋጇ ትዝረከረካለች አሉ፤ ያቺ የሆቴሉ ልጅ ቤቱን ስታወድስ ይህን አልነገረቻቸውም።

አስተናጋጇም የሆቴሉ ልጅም እኔ ነኝ። እንዲህ ሆነና ክረምቱን ሁሉ ቅዳሜ ስመክር እመሰገናለሁ፣ እሁድ ሳስተናግድ እታማለሁ። የምታማው ደግሞ ለራሴ ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ እዚያች ቤት ያለችው አስተናጋጅ ባለፈው ሹካ ማምጣት እንደረሳች ነገሩኝ። ከዚያ ደግሞ አዘኑልኝ። ለአሮጊቷ እንዳልነግርባት ለመኑኝ። ልጅ የምታሳድግ ትመስላለች አሉ፣ እንዳያባርሯት።

ልጅ አሳድግ ነበር። አንዲት አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። በአማርኛ እንጠይቃታለን፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቷ ራት ላይ የደሴቱን ነገር ሲያነሣ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ማንሣቱን ደግሞ አላቆመም። የሦስተኛው ቤት መመረጥ ልቡን ነፋው። ተሳፋሪዎቹን ከመጠየቅ አልፎ መከራከር ጀመረ፤ አንዱ የበላበትን ቤት ሲያወድስ፣ እዚያማ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው ይለዋል። አውሮራ አንድ ክርስትና ላይ ለጫጉላ ሃዋይ ሊሄዱ ያሰቡ ሙሽሮች አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ባለቤቴ የት እንደሚበሉ፣ የት እንደማይበሉ፣ በየትኛው በኩል ቢቀመጡ ፀሐይ እንደማይመታቸው አንድ በአንድ ነገራቸው። ሙሽራው ተገርሞ፣ ጋሼ መቼ ነው የሄዱት ብሎ ጠየቀው።

«እኔ እንኳ አልሄድኩም» አለ ባለቤቴ፣ «ግን አውቀዋለሁ።»

የባልቴቷ አንድ ልጅ ሊትልተን ነው የሚኖረው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሥራው ድልድይ መመርመር ነው፤ የተሰነጠቀ፣ የዛገ፣ የተናጋ ካለ አይቶ ይናገራል። እናቱን የሚጠይቀው ሁልጊዜ ረቡዕ ነበር። ስለዚህ እሱ የሚያውቀው የረቡዕ እናቱን ነው፤ ከንቲባውን የምታማውን፣ ስለ በረዶው የምታጉረመርመውን። በጥር አንድ ረቡዕ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ በቅዳሜ መጣ። ሲገባ እናቱ በገለባ ባርኔጣቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈዋል። እኔ ደግሞ ወደ አሮጊቷ ቤት የሚወስደው መንገድ በዝናቡ ምክንያት እንደጨቀየ፣ ጫማቸውን ቢያስቡበት እንደሚሻል እየነገርኳቸው ነው።

ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማን። ከዚያ ወደ መተላለፊያው ጠራኝ። አልተቆጣም። ለእናቱ ደግ እንደሆንኩ እንደሚያይ ነገረኝ። ነገር ግን አእምሮዋ በራሱ እየሸሸ ነው፣ እኛም ገፋ ካደረግነው ምን ይቀራታል አለኝ። ድልድይ ሲሰነጠቅ ቀለም ቀብተው የሚሸፍኑ ሰዎች እንዳሉ፣ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሲታገል እንደኖረ ነገረኝ።

«እውነቱን ንገሪያት» አለኝ። «በእርጋታ። ግን እውነቱን።»

ስለ ድልድዩ ትክክል ነው። የወለዱት ልጅ ደግሞ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እሺ አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልቴቷ እንደ ልማዳቸው መጡ፣ ጠየቁኝ። እጃቸውን ያዝኩና ያለነው ዴንቨር እንደሆነ፣ ይህ ሆቴል ሳይሆን ቤታቸው እንደሆነ፣ ደሴት የሚባል ነገር በአቅራቢያችን እንደሌለ ነገርኳቸው። መጋረጃውንም ከፈትኩላቸው። በረዶው አጥሩን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ብዙ ጊዜ አዩት። «አሃ» አሉ። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፣ ለራትም አልወጡም።

እሁድ ጠዋት ሥራ ስገባ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ላይ ክፍት ጫማ ተጫምተዋል፣ ሻንጣቸው ጉልበታቸው ሥር ቆሟል። ቁርስ እንዲበሉ ለመንኳቸው፣ እንቢ አሉ። ሒሳባቸውን እንድዘጋላቸው ብቻ ጠየቁኝ። ቅር እንዳይለኝ ብለው ደግሞ፣

«ሆቴላችሁ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ችግሩ የተሳሳተ ከተማ ውስጥ ነው ያለው።»

ለልጃቸው ደወልኩ። በዚያ በረዶ ከሊትልተን እየነዳ መጣ። ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና እውነቱን በሥርዓት ይነግራቸው ጀመር። የዕለቱን ጋዜጣ አሳያቸው። በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ተራራ አሳያቸው። ልጃቸው መሆኑን፣ ስሙን፣ የልጆቹን ስም ነገራቸው። እሳቸው በጨዋነት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ሲጨርስ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉና፣

«አይዞህ ወዳጄ» አሉት። «ያንተም ሻንጣ ጠፋ እንዴ? እስኪመሽ ያገኙልሃል።»

ተነሥቶ ወደ ኩሽና መጣ። እኔ ለሌሎቹ ነዋሪዎች ፓንኬክ እየጋገርኩ ነበር። ፊቱን አዙሮ ማቀዝቀዣው ላይ ተደገፈ። አዝኖ ነው ብዬ ስጠብቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሳቁ ሲበርድለት እናቴ ደሴቱ ላይ ስንት ዓመት እንደኖረች ነግራሻለች ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ዓመት ነው የመሰለኝ አልኩት፤ የአካባቢውን ሰው ሁሉ እንደ ጎረቤት ነው የሚያወሩት።

«አንድ ሳምንት» አለኝ።

እሱ ሃይስኩል እያለ ነው። እሱን አክስቱ ዘንድ ትተው አባቱና እናቱ ሄዱ፣ ያን ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ባሕሩ ውስጥ አልገቡም፣ ተራራውን አላዩም፣ ከሆቴሉ አልወጡም። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እንኳ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ሰዓት ላይ አድርጎ የሚበላ ሰው። በዚያ ሳምንት ግን የሚቸኩልበት አልነበረውም። ጠዋት የምግብ አዳራሹ መስኮት ዳር ይቀመጣሉ፣ ምሳ ሲነሣ ይነሣሉ። አባቱ ሲመለስ ስለ ጉዞው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሱሪው እንደጠበበው። እናቱ ምንም አልተናገረችም።

ይህን ነግሮኝ መጥበሻው ውስጥ ተመለከተ። ይሄ ነው እንዴ የኮኮናቱ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ካፖርቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ወደ እናቱ ሄደ። አውሮፕላኑ እንደዘገየ፣ እስከዚያው ብራንች ብሉ እንዳሏቸው ሲነግራቸው ከኩሽና ሰማሁት። መዋሸት ያልለመደ ሰው ስለሆነ ድምፁ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ነበር።

«ይህን ቀደም ብለው አይናገሩም?» አሉ ባልቴቷ፣ ተነሡም።

ሁለተኛው ሳህን ላይ እሱ ተቀመጠ። ባልቴቷ እንደ ተዋወቁት መንገደኛ አጫወቱት። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት፣ ድልድይ እንደሚመረምር ነገራቸው። ደስ አላቸው።

«የኔም ልጅ እንዲሁ ድልድይ ነው የሚመረምረው። ጎበዝ ነው» አሉት። «ብቻ ከረቡዕ በቀር አይመጣም።»

ከዚያ ወዲያ በእሁድም ይመጣ ጀመር። ሲመጣ ደንበኛ ሆኖ ነው። ባልቴቷ ስለ አስተናጋጇ ሲያሙ አብሮ ያማል። እንዲያውም ከእሳቸው ይብሳል፤ ውኃው በረዶ የለውም፣ ናፕኪኑ ቀጭን ነው እያለ በፊቴ ይነግራቸዋል፣ እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለባለቤቴ ስነግረው፣ ሰውየው ሥራው ጉድለት መፈለግ ነው፣ አትዘኚበት አለኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን መሥራት እችላለሁ፣ መቅመስ ግን አልችልም። ሌላ የሚቀምስልኝ እንዳይኖር የሆሳዕናዋ ልጅ እሁድ ቸርች ናት። አንድ እሁድ ስልክ አናጠበኝና እንቁላሉ ላይ ጨው መጨመሬን ዘነጋሁ፣ ስለዚህ ደገምኩት። የባልቴቷ ልጅ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ዓይኑ እንባ ሞላ። ባልቴቷ ግን በርጋታ እያላመጡ፣ ባሕሩ በጣም ቅርብ ስለሆነ ነው ብለው አስረዱት። ውኃ ቀዳሁለት። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁለት።

ምናልባት ከዚያ በኋላ ከምግቤ ለማረፍ ፈልጎ ይሆናል፣ እኔን፣ ባለቤቴንና ልጃችንን ብራንች ጋበዘን። ክረምቱን ሁሉ ላደረጋችሁት አለ። ባለቤቴ ቀኑን ሳይመለከት እሺ ብሎታል። ቀኑ የጾሙ እኩሌታ ነው።

የመረጠልን ቤት ዴንቨር መሐል ከተማ፣ ውስጡ እንደ ሞቃት ደሴት የተሠራ ነው። በየጥጉ ዘንባባ ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ ውኃ ይወርዳል፣ አስተናጋጆቹ የአበባ ሸሚዝ ለብሰዋል። ባለቤቴ ሙሉ ልብስና ከረባት አድርጎ መጣ። ልጃችን ከመኪናው ሳንወርድ ጀምሮ፣ «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ብራንች» ስትለው ነበር። እሱ ግን ሲገባ እንደ ዳኛ ነው የገባው። ግድግዳውን አየ፣ ወንበሩን ነቀነቀ፣ ፀሐይ በየት እንደምትገባ አጣራ።

ሜኑውን ሳየው ከላይ እስከ ታች እንቁላልና አሳማ ነው። ድንቹን ጠየቅኩ፣ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። ዳቦውን ጠየቅኩ፣ ወተት አለበት። አስተናጋጁ ተጨንቆ አለርጂ እንዳለብኝ ጠየቀኝ። የጾምን ነገር በእንግሊዝኛ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ባለቤቴ ቀደመኝ።

«እስከ ፋሲካ አለርጂ አለባት» አለው።

ሌሎቹ እንዳይሳቀቁ ብዬ አናናስ አዘዝኩ። ምክር ስሰጥበት የከረምኩትን ብራንች ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት እንዲህ ነው፤ አንድ ሳህን አናናስ። ባለቤቴም ጾመኛ ስለሆነ ሁለተኛ ሳህን አናናስ መጣ። ልጃችን ግን የሦስታችንን ድርሻ እንቁላል ብቻዋን በላች።

ባልቴቷ በዚያ ቀን ባርኔጣቸውን አላደረጉም። ከተቀመጡ ጀምሮ ዘንባባውን ያያሉ። እጃቸውን ዘርግተው ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሻሹት።

«ፕላስቲክ ነው» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩን። «ውጭ በረዶ እየጣለ ዴንቨር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት መክፈት ምን ይሉታል?»

የልጃቸው ሹካ አየር ላይ ቀረ። እሁድ ነው፣ እናቱ ዴንቨር ናቸው። በስሙ ጠሩት። ጉልበቱ ተሽሎት እንደሆነ ጠየቁት፣ ያ ሐኪም ለምን ኤክስሬይ እንዳላነሣው ጠየቁት፣ ከንቲባውን አሙ። እሱ አንድ በአንድ መለሰ። መሐል ላይ ፊቱን አዞረና ግድግዳው ላይ የሚወርደውን ውኃ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እኔም አናናሴን ቆራረጥኩ።

ስንወጣ ባልቴቷ በታክሲ እንጂ አልሄድም አሉ። የልጃቸው መኪና ወንበሩ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ በደስታ በሩን ከፍቶ አስገባቸው፣ ልጃችን ከኋላ ገባች፣ እኔ በልጃቸው መኪና ተከተልኩ። ኮልፋክስ ጎዳናን ይዘን ስንሄድ ከፊታችን ባለው ታክሲ መስታወት ውስጥ የባለቤቴ ቀኝ እጅ ከመሪው እየተነሣ ሲወራጭ ይታየኛል። ወደ ፓርክ ሂል የሚታጠፍበትን አለፈው። ልጃቸው የት እየወሰዳት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም። ሌላ ሁለት መብራት ሄዶ ዞሮ ተመለሰና በሩ ላይ ፓርክ አደረገ።

ቤታችን ስንደርስ ምን እንዳወሩ ጠየቅኩት። አገሩ የት እንደሆነ ጠይቀውታል። ከዚያ ደግሞ በእሱ ከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ረፈድ ሲል የት እንደሚበላ ጠየቁት። ያን ሁሉ ሰው ሲጠይቅ ከርሟል፣ እሱን የጠየቀው ግን አልነበረም። ፒያሳ ስላለች አንዲት ፉል ቤት ነገራቸው፤ ደረጃዋ ጠባብ፣ ወንበሯ የምትወላገድ፣ ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ የሚመጣባት። ማጠፊያውን ያለፈው ገና ስለ ቃሪያው እየተናገረ ስለነበር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልቴቷ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ፣ ክርናቸውን አሳረፉ፣ ጥሩ ፉል የሚሠራ ቤት አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አውቃለሁ አልኳቸው።

እሁድ ባቄላውን አብስዬ ደቆስኩት፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጨመርኩበት፣ ዳቦ አሞቅሁ። የጾም ምግብ ስለሆነ እስኪበቃኝ ቀመስኩት። ልክ ነበር። ባልቴቷ ሁለት ጉርሻ ጎረሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ይህ ጉድጓድ ሊቆፍር ለሚወጣ ሰው የሚሆን ምግብ ነው ብለው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ቅዳሜ ወደ ደሴታቸው ተመለሱ፣ ከዚያም ወዲያ ፒያሳን አላነሡም።

ሳህኑ ግን አልባከነም። በሚቀጥለው ጠረጴዛ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ ካለው ሜዳ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ከብት ሲያረቡ የኖሩ፣ ከደህና ዋልሽ በቀር ቃል የማይወጣቸው። እጃቸውን ዘርግተው የተገፋውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በዳቦ ጠርገው ጨረሱና ባዶውን አነሥተው አሳዩኝ። ከዚያ ቤት እስክለቅ ድረስ እሁድ እሁድ በአንዱ መጥበሻ ፓንኬክ፣ በሌላው ፉል እሠራ ነበር። ሽማግሌው ምግቡ የየት አገር እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የሚጠይቁት ቃሪያ ተርፎ እንደሆነ ብቻ ነው።